ከአያት ሣጥን የወጣ የኪስ ሽጉጥ፦ ይሸጣል? ይተኮሳል?

አዳማ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው አርፈው ተዝካራቸው ወጥቶ ዕቃቸው ሲከፋፈል፣ ከሣጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ሽጉጥ ወጣ እንበል። እጀታው ከእንጨት ወይም ከቀንድ ነው፣ መሀሉ ላይ የሚዞር ጎራሽ አለው፣ ቁመቱም ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም። ወዲያው ሁለት ጥያቄ ይነሳል። ስንት ያወጣል? ይተኩሳልስ? ከወራሾቹ አንዱ ቆፍጠን ብሎ «ጋሼ፣ ጓሮ ወጥቼ አንዴ ብቻ ወደ መሬት ልሞክረው፤ ከተኮሰ ዋጋ አለው፣ ካልተኮሰ ቁርጥራጭ ብረት ነው» ይላል። ገዢ ነኝ ባዩ ደግሞ በስልክ «ተኩሳችሁ ቪዲዮ ላኩልኝ» ይላል።

ሙከራው ሽጉጡ ደህና መሆኑን ያረጋግጣል፣ ዋጋውንም ይጨምራል የሚለው እምነት በጣም የተለመደ ነው። ሆኖም ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ለምን እንዳልሆኑ ለመረዳት መጀመሪያ ዕቃው ራሱ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ምን እንደሚሰብረው ማወቅ ያስፈልጋል።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ መሣሪያ ወደ ሸዋ በብዛት የሚገባው በታጁራና በኦቦክ ወደቦች፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥም ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ከታጁራ የተነሣ የጠመንጃ ቅፍለት እየመራ ሸዋ ደርሶ ለምኒልክ ሸጧል። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አዳማም የዚሁ መስመር ከተማ ናት። ከጠመንጃው ጭነት ጎን ለጎን ትንንሾቹ ሽጉጦች በነጋዴ፣ በመሐንዲስና በመንገደኛ ኪስ ውስጥ ገቡ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመንም ብዙ መሣሪያ ተማርኳል፣ ብዙም ተጥሎ ቀርቷል። ቦዴዮ የሚባለው የጣሊያን ጦር 6 ጥይት የሚይዝ የእ.ኤ.አ. 1889 ሞዴል ሽጉጥ የዚያ ዘመን ነው። እሱ ግን 10.35 ሚሊ ሜትር የሚጎርስ የወታደር መሣሪያ እንጂ የኪስ ሽጉጥ አይደለም።

የኪስ ሽጉጥ የሚባሉት ከዚያ ያነሱ ናቸው። የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1857 ያወጣው የመጀመሪያ ሞዴሉ ባለ 22 ካሊበር (ካሊበር የአፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው)፣ 7 ጥይት የሚይዝ ነበር። የእንግሊዙ ዌብሊ እ.ኤ.አ. በ1872 ቡልዶግ የሚል አጭርና ወፍራም ሽጉጥ አቀረበ፤ አፈሙዙ አጭር፣ ጥይቱ ግን ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ደግሞ ጋላን የተባለው የፓሪስ ጠመንጃ ሠሪ ቬሎዶግ የሚባለውን አወጣ። ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች የሚያባርሯቸውን ውሾች እንዲያስደነግጡበት የተሸጠ ባለ 5.5 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ነው። ከሁሉም የሚበዙት ግን ስም ያልተጻፈባቸው ቅጂዎች ናቸው። የቤልጂጓ ሊየዥ ከተማና የስፔኗ ኤይባር እነዚህን ሁሉ እየቀዱ ለዓለም ሸጠዋል። የሊየዦቹ አንዳንዶቹ በጥሩ እጅ የተሠሩ ናቸው። ከኤይባር ከወጡት ውስጥ ግን ብረታቸው ለስላሳ፣ ሥራቸውም የችኮላ የሆኑ ብዙ አሉ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፤ ከላይ የተለበጠው ኒኬል ሁሉንም እኩል ያሳምራል።

ለምን አይተኮስም

የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 የጥይት ጉድጓዶች ያሉት የሚዞር ጎራሽ አለው። ምላጩ ሲሳብ ወይም መምቻው ወደ ኋላ ሲነሳ ጎራሹ አንድ እርምጃ ይዞራል፤ ከዚያም ትንሽ የብረት ጥርስ ከሥር ገብታ ትቆልፈዋለች። በዚያች ቅጽበት ጉድጓዱና አፈሙዙ ፍጹም ትይዩ መሆን አለባቸው። ጥርሷ ከመቶ ዓመት በላይ ስትበላ ኖራ ከሆነ፣ ወይም የምትገባበት ቦታ ሰፍቶ ከሆነ፣ ጎራሹ ከትክክለኛው ቦታ ትንሽ ዘወር ብሎ ይቆማል። ያኔ አረሩ በአፈሙዙ ቀዳዳ በቀጥታ አይገባም፤ በአፈሙዙ ከንፈር እየተላጠ ይገባል። የተላጠው እርሳስና የጋለው ጋዝ በጎራሹና በአፈሙዙ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ጎን ይፈነጠራል። ቪዲዮ እየቀረጸ አጠገብ የቆመው ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ብረቱ ነው። ዝገት ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ይጠፋል። ጎራሹ ውስጥ ያለው ዝገት ግን ግድግዳውን ቆፍሮ ነው የሚቀመጠው። የድሮ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚተወው ጨው እርጥበት ስለሚስብ፣ ባለቤቱ ያኔ በደንብ ሳያጥበው ከቀረ ጉድጓዶቹ ለዓመታት ሲበሉ ኖረዋል ማለት ነው። የኪስ ሽጉጥ ጎራሽ ግድግዳ ደግሞ መጀመሪያውኑ ስስ ነው፤ ኪስ እንዲገባ ሲባል ብረቱ ተቀንሷል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለበት በእጅ ይዞ የሚያገላብጥ ሰው ሊያውቀው አይችልም፤ ሠልጥኖ መሣሪያ የሚያይ ባለሙያም ያለ መመርመሪያ ዕቃና ያለ ምርመራ አያውቀውም።

የባሩዱ ጉዳይ ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሽጉጦች ሲነደፉ ጥይት የሚሠራው በጥቁር ባሩድ ነበር፤ በተለመደው ቀመር 75 በመቶ ያህል ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ጨው፣ 15 በመቶ ከሰልና 10 በመቶ ድኝ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። አዲሱ ባሩድ በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ግፊቱም ጥቁሩ ባሩድ ከሚሰጠው በብዙ ሊበልጥ ይችላል። ችግሩ የጥይቶቹ ስም አለመለወጡ ነው። 32 ወይም 38 የሚባሉ ጥይቶች በጥቁር ባሩድ ዘመን ተጀምረው በጭስ አልባው ዘመንም ቀጥለዋል፤ በዚያ ላይ በስም ተመሳስለው በርዝመትና በኃይል የሚለያዩ ወንድሞች አሏቸው። ስለዚህ ዛሬ ከአንድ ቦታ የተገኘ ጥይት ጎራሹ ውስጥ ልክ ብሎ ገባ ማለት ለዚያ ሽጉጥ የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ሽጉጡ ያንን ግፊት ይችላል ማለትማ ጭራሽ አይደለም። ጎራሹ ሲፈነዳ የሚሄደው የላይኛው ግድግዳና ከጎራሹ በላይ የሚያልፈው የብረት ድልድይ ነው፤ ያም በተኳሹ ፊት አቅጣጫ ነው።

ከሽጉጡ ጋር አብሮ የተገኘው አሮጌ ጥይትስ? እሱም ሌላ አደጋ አለው። ካፕሱሉ፣ ማለትም ከጥይቱ ሥር ሆኖ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል፣ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ምላጩ ተስቦ ዝም ካለ በኋላ ዘግይቶ የሚተኩስ አለ። «አልሠራም» ብሎ አፈሙዙን ወደ ራሱ አዙሮ የሚያይ ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው። ወይም ባሩዱ በከፊል ብቻ ነድዶ አረሩ አፈሙዙ መሀል ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ድምፁ ደከም ያለ ስለሚሆን ሰው ልብ አይለውም። ሁለተኛው ጥይት ከኋላ ሲመጣ መውጫ ያጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ሽጉጡ አንዴ ተኮሰ እንበል። ምን ታወቀ? ያ ጥይት በዚያ ጉድጓድ፣ በዚያ ሰዓት እንዳልሰበረው ብቻ። ሌሎቹ 4 ወይም 5 ጉድጓዶች አልተፈተኑም። ስንጥቅ ካለ ደግሞ ተኩሱ ትንሽ አሰፋው እንጂ አልደፈነውም። እንደ ተሰነጠቀ ጀበና ነው፤ ዛሬ ቡና አፈላ ማለት ነገ እሳት ላይ አይከፈልም ማለት አይደለም።

እውነተኛ ፍተሻ እንዴት እንደሚደረግ ማየት ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች መሣሪያ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት በሕግ በተቋቋመ የፍተሻ ቤት ያልፋል። የሊየዡ ፍተሻ ቤት እ.ኤ.አ. በ1672፣ የበርሚንግሃሙ እ.ኤ.አ. በ1813 የተመሠረቱ ናቸው። እዚያ መሣሪያው በመያዣ ታስሮ ከግድግዳ ጀርባ በርቀት ይተኮሳል። የሚጎርሰውም ተራ ጥይት ሳይሆን ሆን ተብሎ ከመጠን በላይ የተሞላ ነው። ዛሬ በዓለም አቀፉ የፍተሻ ኮሚሽን ደንብ ለሽጉጥ የሚተኮሰው የፍተሻ ጥይት ግፊት ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት ቢያንስ በ30 በመቶ ይበልጣል። ከተኩሱ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል ይለካል፣ ይመረመራል። ያለፈው ማኅተም ይመታበታል፤ የወደቀው አይሸጥም።

ስለዚህ ከብረቱ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ምልክቶች ጌጥ አይደሉም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሊየዥ ምልክት በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ከኮከብ ጋር ተቀርጸው ነው። ከእንቁላሉ በላይ ዘውድ ካለ እ.ኤ.አ. ከ1893 ወዲህ የተፈተነ ነው፤ ከሌለ ከዚያ በፊት ነው። በጭስ አልባ ባሩድ ለተፈተኑት ቤልጂጎች ለብቻው አንበሳ ያለበት ምልክት አላቸው። ያ ከሌለ ሽጉጡ የተፈተነው ለጥቁር ባሩድ ነው ብሎ መውሰድ ይገባል። ምልክቱ ቢኖርም እንኳ የሚናገረው ስለዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሽጉጡ ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ ስንት ክረምት በእርጥብ ቆዳ ማኅደር እንደተቀመጠ፣ የትኛው ቀጥቃጭ ጥርሷን በሞረድ እንደነካካት ማኅተሙ አያውቅም።

«ጥይት ሳላጎርስ ምላጩን ብቻ ልሞክር» የሚልም አለ። ይህም አይመከርም። የድሮ ስፕሪንግ ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ የመምቻው ጫፍም ቀጭን ነው፤ በባዶ ሲመታ ሊሰበር ይችላል። የተሰበረው ቁራጭ ደግሞ ዛሬ በየትም ሱቅ አይሸጥም።

ጓሮው ራሱስ? አዳማ ቤት ከቤት የተያያዘባት ከተማ ናት። ትንሿ 22 ካሊበር ጥይት እንኳ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ወደ ደረቅና ድንጋያማ መሬት የተተኮሰ የእርሳስ አረር ነጥሮ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ወደ ሰማይ የተተኮሰም ይመለሳል።

ሕጉ ምን ይላል

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ መግዛትና ማዘዋወር ወንጀል ነው፤ ቁጥጥሩም ለፖሊስ ተሰጥቷል። ከዚህ ለአንድ ቤተሰብ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው። ሽጉጡን በደላላ ወይም በስልክ በሚለጠፍ ማስታወቂያ ለግለሰብ መሸጥ አይቻልም፤ ሻጩም ገዢውም ይጠየቃሉ። ውርስ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ሟቹ ፈቃድ ኖሯቸው ቢሆን እንኳ ፈቃዱ በእሳቸው ስም የተሰጠ ነው። ንብረት መውረስ አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያ ለመያዝ መፈቀድ ሌላ ነው።

ብዙ ወጣቶች «አንቲክ መሣሪያ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚል ነገር በኢንተርኔት አንብበው ይመጣሉ። ያነበቡት የአሜሪካን ሕግ ነው። እዚያ በእ.ኤ.አ. 1968ቱ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ አንቲክ ይባላልና በፌዴራል ደረጃ ቁጥጥሩ ይላላል። የእነሱ የዓመት ወሰን አዳማ ላይ መከራከሪያ አይሆንም። በራሷ በእንግሊዝ እንኳ ነገሩ ወደ መጥበቅ ሄዷል። ለረጅም ጊዜ ጥይታቸው ከገበያ የጠፋ አሮጌ ሽጉጦች እንደ ጌጥ ይያዙ ነበር። ወንጀለኞች ጥይቱን በእጅ እየሠሩ ስለተጠቀሙባቸው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ደንብ 7 የጥይት ዓይነቶችን ከነጻው ዝርዝር አስወጣ፤ ከመካከላቸው 320 የሚባለው የኪስ ሽጉጥ ጥይት ይገኝበታል። ስለዚህ የሚተኩስ ነገር ዕድሜው ምንም ያህል ቢረዝም፣ ሥልጣን ያለው አካል ሌላ እስኪል ድረስ መሣሪያ ነው ብሎ መያዝ ነው የሚያዋጣው። ጓሮ ውስጥ ተኩሶ ቪዲዮ የላከ ሰው ደግሞ የሚተኩስ መሣሪያ በእጁ እንዳለ በገዛ እጁ ማስረጃ ሰጥቷል።

ሌላው ሕግ ብዙም አይታሰብም፤ እኔ ግን ከዋጋው በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ሁሉም አሮጌ ሽጉጥ ቅርስ አይደለም። ነገር ግን አርበኛ የያዘው፣ ስም የተቀረጸበት፣ በሽልማት የተሰጠ፣ ከጠላት የተማረከበት ቦታ የሚታወቅ ከሆነ ታሪክ ነው። «ውጭ አገር ብዙ ዶላር ያወጣል፣ እኔ አሻግረዋለሁ» የሚል ሰው ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ሁለት ሕግ ሊያስጥስ ነው።

ዋጋውስ ከምን ይመጣል

መሸጥ በተፈቀደበት አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ዋጋ ሲተምኑ ተኩሱን አይጠይቁም፤ እንዲያውም የተተኮሰበት ምልክት ዋጋ ይቀንሳል። የሚያዩት ሠሪው ማን እንደሆነ፣ የክፍሎቹ ቁጥር መመሳሰሉን፣ የመጀመሪያው ቀለምና ኒኬል ምን ያህል እንደተረፈ፣ የራሱ ሣጥን እንዳለው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በጽሑፍ የሚረጋገጥ ታሪኩን ያያሉ። በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ እንዲያበራ የተደረገ ሽጉጥ የዋጋውን ትልቅ ክፍል በዚያ ከሰዓት ያጣል፤ ብዙ ጊዜ ምልክቶቹም አብረው ይጠፋሉ። ስም የሌላቸው የሊየዥ የኪስ ሽጉጦች በአውሮፓም ቢሆን ብዙ ስለሆኑ ከፍተኛ ዋጋ የላቸውም። «ሚሊዮን ያወጣል» የሚለው የደላላ ወሬ ቤተሰብ ከማጣላት ሌላ ጥቅም ሲሰጥ አላየሁም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ጥይት እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዝ። ከእነዚህ ሽጉጦች ብዙዎቹ መምቻቸው በቀጥታ ካፕሱሉ ላይ የሚያርፍ ስለሆነ፣ ጎርሶ የተቀመጠ ሽጉጥ ከጠረጴዛ ወድቆ ሊተኩስ ይችላል። የድሮ ሰዎች በመምቻው ትይዩ ያለውን ጉድጓድ ባዶ የሚተዉት ለዚህ ነበር። ጎራሹ በቀላሉ ካልተከፈተ አይታገሉት፤ በመዶሻ፣ በጉጠት፣ በዘይት ነክሮ በማስገደድ አይነካም። ምላጩ ላይ ጣት አይግባ፤ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር። ልጆች ወደማይደርሱበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። ጥይት አብሮ ካለ ለብቻው ይቀመጥ እንጂ አይቃጠል፣ ሽንት ቤት ወይም ቆሻሻ ውስጥም አይጣል፤ እሱንም የሚረከበው ፖሊስ ነው።

ከዚያ ሳይዘገዩ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው። ሽጉጡን በቦርሳ ይዞ ባጃጅ ላይ መሳፈር ግን አይገባም፤ መንገድ ላይ ፍተሻ ቢያጋጥም ወደ ፖሊስ እየሄድኩ ነበር ማለት ለማስረዳት ከባድ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ባዶ እጁን ወደ ጣቢያ ሄዶ «ከሟች አባታችን ዕቃ ውስጥ ይህ ተገኘ፤ እንዴት እናስረክብ ወይም እናስመዝግብ?» ብሎ ይጠይቅ። መጥተው ይወስዱታል፣ ወይም እንዴት እንደሚመጣ ይነግራሉ። ሽጉጡ ታሪክ ያለው ከመሰለ፣ በዚያው ጊዜ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። ማመልከቻው ቀድሞ ከገባ ዕቃው ተራ ብረት ተብሎ እንዳይወገድ ምክንያት ይሆናል።

ከመረከቡ በፊት ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ለአንድ ነገር ግን ትበቃለች። ሽጉጡን ሳያንቀሳቅሱ በጎኑና በእጀታው በኩል የሚታዩትን ምልክቶችና ቁጥሮች ፎቶ አንሱ። ከታላላቆቹ በሕይወት ያሉት የሚያስታውሱትን፣ ከማን እንደተገኘ፣ መቼ፣ በየትኛው ዘመቻ ወይም ንግድ እንደሆነ፣ በራሳቸው አንደበት ጽፋችሁ አስፈርሙ። ሲያስረክቡም የዕቃው ቁጥር፣ የጥይቱ ብዛትና የተረካቢው ስም ያለበት፣ ማኅተም የተመታበት ደረሰኝ ተቀበሉ። አንድ ቅጂ ከውርስ ሰነዶቹ ጋር ይቀመጥ፤ ሌላው ከማመልከቻው ጋር ለቅርስ ባለሥልጣኑ ይላክ።